ጭቃ የበዛበት ከሰል

በዚያ ጠዋት አዲሱ ገበያ፣ ቁርስ ቤቱ ጓሮ የነበርነው አራት ነን። የቁርስ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላት። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲያወርዱ የኖሩት እማማ። የጭቃ ቤት በመምረግ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሼ። አራተኛው እኔ።

አናጢዎች የሚጥሉትን ሰጋቱራ በበርሜል አክስለን፣ በጭቃ አያይዘን፣ እያድቦለቦልን ከሰል እንሠራለን። አሠራሩን የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው። እትዬ ሽሮዋን ካበሰለላት በየቀኑ ልትወስድ ተስማምታለች። ካላበሰለላት እማማ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ተራራው ይመለሳሉ። ወገባቸው ከእንግዲህ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ ከሰሉን ምድጃ ላይ ደርድራ ከሥሩ ጭራሮ ለኮሰች። አራገበች። ጭራሮው ነዶ አለቀ፤ ከሰሉ ግን አልቀላም።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውበት ነው?»

ጋሼ አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። «እንዳይፈረፈር ብዬ ጭቃውን በጭድ አቡክቼ አቆየሁት። እንደ ግድግዳ።»

«ታዲያ ቤት ልሥራበት?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ አረንጓዴ ኢኮኖሚ ምናምን አላልክም? እኔ የማየው ጥቁር ድንጋይ ነው!»

ሳቅን። እማማም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ከምድጃው አልተነሳም። እትዬ የዛፍ ከሰል ወዳለበት ጆንያ እጇን ስትሰድ፣ እማማ «ልጄ፣ አንዴ ታገሺኝ» ብለው ወጡ።

ሲመለሱ በሳፋ የያዙትን አየሁ። ጋሼ ከእኛ ጋር ሳይጀምሩ እኔ የሠራሁት፣ ጭቃው ጥቂት፣ ቅርጹ የተንጋደደ ከሰል ነው። ጋሼ «የሰነፍ ሥራ» ብለው አስጥለውኝ ነበር። እማማ ግን የሚነድ ነገር መጣል አልሆንላቸው ብሎ ለቅመው አስቀምጠውት ኖሯል።

እትዬ እሱን ደርድራ ለኮሰች፤ ቶሎ ተያያዘ። ጠርዙ ቀላ፣ ሽሮው ተንተከተከ።

«መልኩ ያስጠላል» አለች እትዬ። «ግን ጌታ ይባርካችሁ፣ ይነዳል። ነገም አምጡ።»

«እኔ ያቦካሁትስ?» አሉ ጋሼ።

«የጓሮዬን ግድግዳ ይምረጉበታ!»

ዛሬ ጋሼ ጭቃውን በጣሳ ይሰፍራሉ። እማማ ተቀምጠው ሰጋቱራ ይነፋሉ፤ በገመዳቸው የከሰል ጆንያ እናስርበታለን።

ያን ጠዋት እማማ ከመውጣታቸው በፊት ለጋሼ ቀስ ብለው የተናገሩት ነገር ነበር፤ አልሰማሁትም። ሽሮውም የጾም ይሁን የፍስክ አላስታውስም። እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ ሦስታችሁም ነበራችሁ። መጥቼ ይህን ጽሑፍ ሳነብላችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ።