አውሮፕላኑ አስመራ እስኪደርስ

እናቴ በአውሮፕላን አስመራ የሄደች ቀን እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አያቴ በጠና ታመዋል የሚለው ስልክ የተደወለው በዋዜማው፣ አባቴ በሚሠራበት የአቃቂ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ሳሪስ ድረስ ለአውቶቡስ ሳንቲም የሚሰስተው አባቴ፣ ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ከተማ ወጥቶ የአውሮፕላን ቲኬት ይዞ ገባ። ገረመኝ፤ ግን ደስ ስላለኝ ብዙም አላሰብኩበትም።

እናቴ የአስመራ ልጅ ናት። አባቴ አግብቶ ሲያመጣት መቀሌ አድረው፣ ደሴ አድረው፣ አዲስ አበባ የገቡት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷን አላየችም። በየዓመቱ ልሂድ ስትል መንገዱ ሩቅ ነው ይባልና ይቀራል።

ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "እውነቱን ንገረኝ፤ እናቴ በሕይወት አለች?" አለችው።

"ታመዋል አልኩሽ እኮ! ነይ ውጪ፣ አውሮፕላን ቆሞ አይጠብቅም!" ብሎ ተቆጣ። አባቴ ሲጨንቀው ይቆጣል፤ እኔም የወጣሁት በሱ ነው።

እሷን ሊሸኝ ሲሄድ እኔ ከጭንቀቴ ጋር ቀረሁ። አስተማሪያችን ካርታ ላይ በማስመሪያ እየለካ፣ አስመራ በመኪና ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአየር ግን ሰባት መቶ ገደማ እንደሆነ ነግሮናል። አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ምናምን ቢፈጅበት ነው። ሁለት ሰዓት ደግሞ ለታመመ ሰው ብዙ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ሰፈራችን በሰቃ ያለው ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ለማየት ተመላለስኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሰዓቴን በዓይንሽ ልትጨርሺው ነው እንዴ?" አሉኝ ባለሱቁ።

"እማዬ የት ደርሳ ይሆን?"

"የሰማዩን መንገድ እኔ ምን አውቄ!" አሉና ከረሜላ አስጨበጡኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕቃ እንዳልነካ ከደጃፉ ነበር የሚያባርሩኝ። ከረሜላውን ስይዝ ልቤ ፈራ።

እየሮጥኩ ቤት ስገባ አባቴ ተመልሶ ደጅ ተቀምጧል። ሥራ አልገባም።

"አባዬ፣ ትደርስ ይሆን?"

"ትደርሳለች። እስክትመጣ እንዲያቆዩላት ተስማምተናል።"

"ምኑን?"

ካፉ ያመለጠውን ሊመልስ ሞክሮ አቃተው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ቀብሩን" አለኝ።

አያቴ ያረፉት ስልኩ ከመደወሉ በፊት ነበር። ፋብሪካውም፣ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም ያውቃሉ። ያላወቅነው እናቴና እኔ ብቻ ነን።

"ታዲያ እንዴት አትነግራትም!" ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

"መንገድ ለወጣ ሰው መርዶ ይነገራል?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ብቻዋን፣ ባዕድ መሀል፣ ማን ይይዛታል? እዚያ እህቶቿ አሉ። በአውቶቡስ ብትሄድማ አፈር ከለበሱ በኋላ ነበር የምትደርሰው።"

ተናድጄበት ነበር፤ አሳዝኖኝም ነበር። አውሮፕላኑ ገና ግማሽ መንገዱን እንኳ አልሄደም። ጠዋቱን ሙሉ ፍጠን፣ ፍጠን ስለው ቆይቼ፣ አሁን አጥሩን ይዤ ወደ ሰሜን እያየሁ፣ ምነው ቀስ ባለ፣ ምነው ባልደረሰ እል ጀመርኩ። አስመራ እስኪደርስ ድረስ እናቴ እናት ነበራት።