መሬት እያየሁ የቀረብኩበት ቦርድ

ጆሮዬን የወሰደው የጠላት መድፍ አይደለም፤ የራሳችን ነው። ይህን ስናገር ሰው ይደነግጣል፣ መድፈኛ ግን ያውቀዋል። ምሥራቅ ግንባር ከመድፍ ጎን ቆሜ ወራት ከረምኩና፣ አንድ ቀን ጠዋት ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ሲስቅ አየሁት፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የቀረኝ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ የምታሰማው ዓይነት ጥዝ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ነጌሌ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ መለሱኝ።

እግሩ የተቆረጠ ሰው ጉዳቱ ከሩቅ ይታያል። የእኔ አይታይም፤ እኔም እንዳይታይ ተጣጣርኩ። ከንፈር ማንበብ የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ሰው አንዴ ሁለቴ «ምን አልክ?» ሲባል ይታገሣል፤ በሦስተኛው «ተወው በቃ» ይላል። ያችን «ተወው በቃ» የምትል ከንፈር እጠላት ነበር። እሷን ላለማየት ስል የሰው አፍ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ።

የተከራየሁት ከሰፈሩ አጥር ባሻገር፣ አንድ የነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው። ባልየው ሐጂ፣ ጢማቸው አፋቸውን ስለሸፈነው ለእኔ ዝግ በር ነበሩ፤ ሰላምታችን በእጅ ብቻ ነው። ሱቁ ላይ የሚውሉት ሚስታቸው ግን ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ቀስ ብለው ያናግሩኛል። እትዬ እላቸዋለሁ። «አካም፣ ናጋ ነህ?» ሲሉኝ ገና አፋቸው ሲላቀቅ አውቀዋለሁ። ችግሩ ደንበኛ ሲገባ ነው። በአማርኛ የተጀመረው ወሬ መሃል ላይ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ የእኔ ዓይን ወዲህ ማዶ ይቀራል። ሁሉም ይስቃል። እኔም ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ። እንደዚያ ስስቅ ብቸኝነቴ ይብስብኝ ነበር።

በሰፈሩ ክሊኒክ የሕክምና ቦርድ ሲቀመጥ ተጠራሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሐኪሞቹ ጉዳትህን አይተው ፐርሰንት ይሰጡሃል። ከፍ ካለ በየወሩ የጉዳት ጡረታ አለህ። ዝቅ ካለ አንዴ ዳረጎት ተቀብለህ ትሰናበታለህ፣ ከዚያ ወዲያ ራስህን ቻል ነው። መስማት ለማይችል ሰው ማን ሥራ ይሰጠዋል? ያ ፐርሰንት የዕድሜ ልክ እንጀራዬ ነበር።

እኔ ሞኙ ደግሞ ለቦርድ የቀረብኩት ለሰልፍ እንደምወጣ ሆኜ ነው። ጫማዬን ወለወልኩ፣ ልብሴን ተኮስኩ፣ ገብቼ ቀጥ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ሰብሳቢው ኮሎኔል ሐኪም ነበሩ፤ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ ከንፈራቸው እንደ ፊደል ገበታ የሚነበብ። የት ተጎዳህ፣ ከየት ነህ፣ ራስህን ያምሃል ወይ፣ ሁሉንም ጥንቅቅ አድርጌ መለስኩ። የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ጆሮዬ ሲያስጠጉ አይሰማኝም አልኩ። ፈገግ አሉ። የመጣው ሁሉ አይሰማኝም ይላላ! «ሃምሳ አለቃ፣ ከእኔ የተሻለ ትሰማለህ» ሲሉ አነበብኳቸው። ፐርሰንቱ ዝቅ ያለ ሆነ። ለመሆኑ ወታደርን ድካሙን አሳይ ብሎ ያስተማረው ማን አለ?

ይግባኝ አልኩና ቦርዱ እንደገና ሊያየኝ ተቀጠርኩ። ለእትዬ ስነግራቸው ስኳር መመዘናቸውን ትተው አፈጠጡብኝ።

«ዱጋ? እውነትህን ነው? ከንፈራቸውን እያየህ መለስክ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያ ረቢ! ታዲያ እንዴት ይመኑህ? ሜ፣ እስቲ ስማኝ...» አሉና በራሳቸው ሳቁ። «እሺ፣ እየኝ። ስትገባ መሬት እይ። ቀና እንዳትል። ዝም አይነቅዝም ትሉ የለ እናንተ?»

«ማታለል አይሆንም?»

«ያታለልካቸውማ ያኔ፣ የሚሰማ መስለህ የቀረብክ ዕለት ነው።»

ቀኑ ሲደርስ ጫማዬን ሳልወለውል ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሲሚንቶው ላይ ተከልኩ። አንድ ስንጥቅ ነበረበት፤ ጉንዳን ትገባለች፣ ትወጣለች። መስማት ካቆምኩ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው እያወሩ፣ እኔ ማንም የሌለበት በረሃ ላይ ነበርኩ። አንዴ ብቻ፣ የአንድ ሰው ፊት ብቻ ልይ ብሎ አንገቴ ታገለኝ። ከመድፉም በላይ ፈራሁ ብል አላጋነንኩም። በመጨረሻ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። አልቋል ማለት ነው።

ፐርሰንቱ ከፍ አለ፣ ጡረታዬም ጸደቀ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

ከቀናት በኋላ የቦርዱ ጸሐፊ የነበረው አሥር አለቃ የሻኪሶ መኪና ሲጠብቅ አገኘሁት። ፊት ለፊቴ ቆሞ ቀስ እያለ ነገረኝ። ለካ ኮሎኔሉ ብዙ ነገር ጠይቀውኛል። መጨረሻ ላይ «የሚጦርህ፣ የሚያስጠጋህ ሰው አለ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። «የለም ማለቱ ነው» አሉና እንዲጻፍ አዘዙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የክሊኒኩ ዘበኛ ሳይቀር ያወቀውን መጨረሻ ያወቅሁት እኔ ነኝ።

ሱቅ ሄጄ ለእትዬ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ብታያቸው ኖሮ ምን ትላቸው ነበር?» አሉኝ።

እናቴ ግንባር ሳለሁ ሞታለች። ወንድሞቼ ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኚህ ሴትዮ ደግሞ አከራዬ ናቸው፤ ከዚያ የበለጠ ናቸው ለማለት ማን ፈቀደልኝ? የለኝም ማለቱም፣ እርስዎ አሉኝ ማለቱም አሳፈረኝና አንገቴን ደፋሁ። ከእግሬ ሥር ደንበኞች በጫማቸው ያስገቡት ቀይ አፈር ነበር። እሱን እያየሁ ቆየሁ።

ቀና ስል የእትዬ ከንፈር ሲገጥም ብቻ ደረስኩ። አንድ ነገር ተናግረው ጨርሰዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምን አሉኝ፣ እትዬ?»

ወደ ሚዛናቸው ዞር ከማለታቸው በፊት ያችን የምጠላትን ከንፈር አየኋት።

«ተወው በቃ።»