ዋስ ያገኘው ታንክ

ታንክ ሠርቻለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አንድ ሜትር የሚሆን፣ በሪሞት የሚነዳ ሞዴል ነው፤ መጫወቻ እንዳትለው ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። ገዳሪፍ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ዐይኔን አፈሰስኩበት። አሁን መተማ ቁጭ ብዬ የሰው ስልክ ስጠግን ትዝ ባለኝ ቁጥር አፌ ይመርረኛል።

ባለቤቱ ያገሬ ሰው ነው። ጎንደር ተወልዶ ገዳሪፍ ላይ በሰሊጥ ንግድ የከበረ፣ ከሱዳኖቹ ጋር ሱዳን፣ ከእኛ ጋር ጎንደሬ የሚሆን ሰው። ሁላችንም ጋሼ እንለው ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ ዛሬ እሱ ማለቱም በዝቶበታል።

ታንኩን ከውጭ አገር አስመጥቶ፣ የማርሽ ጥርሶቹ ተሰባብረው፣ ሰንሰለቱ ተበጥሶ መጋዘን ውስጥ ጥሎት ኖሯል። እኔ ገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሬዲዮና ስልክ እሠራለሁ። አንድ ቀን አሸክሞ አመጣልኝ።

"ይህን አስነሣልኝ፤ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥ እየጎተተ እንግዶቼ ፊት ይሂድልኝ። የሄደ ዕለት ለኢቃማህ ዋስ ሆኜ እፈርምልሃለሁ" አለኝ።

ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ያለ እሱ የተገኘ ሐበሻ ሎሪ ላይ ተጭኖ ወደ ድንበር ነው። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ መቀየር ሰልችቶኝ ነበር። ዋስ ሊሆነኝ የሚችል ሰው ደግሞ ከእሱ ሌላ አልነበረኝም። ጉልበቱን ልስም ምንም አልቀረኝ።

የፕላስቲክ ጥርሶቹን ለቃቅሜ ጣልኩ። ከሁለት የወደቁ ሪክሻዎች፣ እኛ ባጃጅ ከምንላቸው፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈታሁ፤ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ። ሰንሰለቱን ከሞተር ብስክሌት ካቴና ቆራርጬ አገናኘሁ፤ መንኮራኩሮቹ ውስጥ ኩሽኔታ ከተትኩ። መጀመሪያ የተነሣ ቀን የግራው ሞተር አይሎ ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ጋሼ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይኸ ታንክ ነው ወይስ ጤፍ የሚያበራይ በሬ?" አለኝ። ደካማውን ሞተር ቀየርኩ። ሪሞቱ ከሩቅ አልያዝ ሲለኝ ደግሞ ከአሮጌ መኪና ረጅም አንቴና ነቅዬ ገጠምኩለት። ያኔ ከግቢው ዳር እስከ ዳር ሆኖ ታዘዘልኝ። ጆንያውንም ጎተተ!

እኛ ጠጋኞች አንድ ልማድ አለን። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው "ካንተ በኋላ የሚከፍተው እንዳይረግምህ የነካካኸውን ክዳኑ ውስጥ ጻፍ፤ አገርህንም ጻፍ" ይለኝ ነበር። እኔም በማርከር ጻፍኩ፦ "ሞተሩ የሪክሻ ነው። አንቴናው ተረዝሟል። ቀዩ ሽቦ እንዳይነካ። መተማ።" ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። "እጅህ ይባረክ! አማርኛ ካነበብኩ ስንት ዘመኔ" አለ። እንባ አቅርሮ ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ።

እንግዶቹ የሚመጡት ዶካ ከተማ አጠገብ ወዳለው እርሻው ነበር። ለኢቃማው እሑድ፣ እዚያ የሥራ ቀን ነው፣ ቢሮ ልንሄድ ተቀጣጠርን። ታንኩን ፒካፕ ላይ ጭነን፣ እሱ እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ሸራውን ይዤ ወጣን። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሸራውን ገለጠ።

"ዳ ሸኑ?" አለ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ከሩቅ የሚነዳ ነገር፣ ረጅም አንቴና፣ ሰው ሰማዩን እያየ ድሮን በሚፈራበት አገር! ምን ነክቶኝ እንዳላሰብኩት እንጃ። ክዳኑን ሲከፍቱ ደግሞ ያ የሐበሻ ጽሑፍ አለ። መኮንኑ ጋሼን ጠርቶ ምን እንደሚል ጠየቀው። እኔ ተመስገን አልኩ፤ አንብቦላቸው፣ ስቀን እናልፋለን ብዬ።

ጋሼ ጽሑፉን አየ፤ እኔን አላየኝም። "የሐበሻ ፊደል አላነብም። ዕቃው የእሱ ነው፤ እኔ መንገድ ላይ ነው ያሳፈርኩት" አለ በዐረብኛ።

"ኧረ በፈጠረዎ ጋሼ! ያነበቡትን ያንብቡላቸው!" ብዬ ጮኽኩ። አማርኛ እንደማይሰማ ሰው ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ።

ሦስት ቀን ታሰርኩ። በአራተኛው ቀን በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሐበሻ ጠርተው አስነበቧት። "ይኸ የጥገና ማስታወሻ ነው" አለቻቸው፣ ቃል በቃል እየተረጎመች። መኮንኖቹ ሳቁ። ግቢው ውስጥ ታንኬን እየተቀባበሉ ነዱት። ባለቤቱ እሱ ነው እያልኩ ስለነበር ከዚያ ለጋሼ ስልክ ተደወለ።

ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሲመጣ ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። "የእኔ ነው፣ ያን ዕለት ደንግጬ ነው" ብሎ መዝገቡ ላይ ለታንኩ ፈረመ። መኮንኑ ወደ እኔ እያመለከተ "ይኸኛው ኢቃማ የለውም፤ ዋስ ትሆነዋለህ?" አለው። እስክሪብቶው ገና እጁ ላይ ነበር።

"እሱን አላውቀውም" አለና እስክሪብቶውን መለሰ።

በነጋታው ጋላባት አድርሰው የድንበሩን ድልድይ ወደ መተማ አሻገሩኝ። እሱ እንኳ ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ታንኩን አስጭኖ ሊወጣ ሲል ጠጋ አለኝና ቀስ ብሎ፣ በጥሩ ጎንደርኛ፣ "ባትሪው በስንት ሰዓት ይሞላል?" አለኝ።

"ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ እንዳያቆዩት ጋሼ" አልኩት፣ እጄን እንደታሰርኩ።