ቅድመ አያት የተባለው ፎቶ

ሚዛን ተፈሪ ያለው ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ካባ የደረበ፣ ጠመንጃ ጭኑ ላይ ያጋደመ ጢማም ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። አጠገቡ ባለሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ቆሟል። አባቴ በሕይወት እያለ ለደንበኛ ሁሉ፣ «አያቴ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከጦር ሠራዊት ጋር፣ ካሜራውን በበቅሎ ጭኖ እዚህ አገር የገባው» ይል ነበር። እኔም ሙያውን ስወርስ ወሬውን አብሬ ወረስኩ።

አምና አንድ አስተማሪ ከቴፒ መጥቶ ፎቶውን ለኤግዚቢሽን አውሰኝ አለኝ። ሁኔታው አላማረኝም፤ ወስዶ ሊቀር ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እኔ ሰው ሲስቅልኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው የምል ነኝ። «እሱን ራሱን ማን አነሳው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ወደ ፎቶው ዞርኩ። ያኔ በዚህ አገር ሌላ ካሜራ ያለው ማን ነበር?

አስቤ እደውልልሃለሁ ብዬ ሸኘሁትና ፎቶውን አውርጄ በማጉያ መስተዋት መረመርኩት። ጠመንጃውን የያዘው እጅ ትንሿ ጣቱ ጫፍ የላትም። የአባቴን ጣት ጫፍ የወረቀት መቁረጫ እንደቆረጠው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ደሜ ፈላ። አባቴ ፎቶ ሳይኖረው የሞተ ሰው ሲያጋጥመው፣ የሚመስለውን ዘመድ አስቀምጦ ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ያነሳ ነበር። እኛንም እንዲሁ ሸውዶን ይሆን? ዕድሜ ልኬን ያከበርኩት ሰው ውሸታም መሆን አለመሆኑን ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም።

ፎቶውን ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ አባዬ ነው አይደል?»

«አዎ። ያነሳሁትም እኔ ነኝ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት። «አያትህ፣ የአባትህ እናት፣ ታማ አልጋ ስትይዝ ‹የአባቴን ፊት አሳዩኝ› አለች። አባቷ የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ የራሱ አንድም የለው። አባትህ እሷ የነገረችውን ሁሉ ለበሰ፣ ጢም ለጠፈ፣ ተቀመጠ።»

«ታዲያ የገዛ እናቱን አታለላት!»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሷን? ‹ቁርጥ አባቴ!› ብላ ፎቶውን ሳመችው። አባትህ በደስታ ሊሰቅለው ሲሮጥ ወደ እኔ ዞራ፣ ‹አባቴን ፈጽሞ አይመስልም። ለልጄ እንዳትነግሪው፤ ደክሞበታል› አለችኝ።»

«ነገርሽው?»

«‹እናቴ እሱ ነው ካለች እሱ ነው› እያለ ሲኮራ፣ በምን አንጀቴ?»

ለአስተማሪው ደውዬ እውነቱን ስነግረው ፎቶውን ተወው። መልሼ ሰቀልኩት። አሁን ደንበኛ ማን ነው ሲለኝ፣ አባቴ ነው እላለሁ፤ እሱን መጠርጠሬ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።