አሥሩ እንዝራዎች

ልጅ ሳለሁ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ከወረታ ወዲህ ያለችው ሰፈራችን መውጫ ስለማይኖራት፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የኩበቱን እሳት ከበን አያቴ ስለ ኢየሩሳሌም ሲያወሩ እንሰማ ነበር። እዚያ ገዳም ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግሉ ኖረው የተመለሱት እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ሌሎቹ ልጆች የመርከቡን ወሬ ድገሙልን ይላሉ፤ እኔን የሚከነክነኝ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በገና ነበር። አቧራው ይጠረግለታል፣ የሚደረድረው ግን የለም።

ምክንያቱን ሲነግሩን የአያቴ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሰው በገናውን ከከረጢቱ ቢያወጡት፣ ከአውታሮቹ ሥር እየገቡ ድምፁን የሚያነዝሩት አሥር ትንንሽ ጠፍሮች፣ እንዝራ የሚባሉት፣ የሉም። አባታቸው በእጃቸው የቆረጡላቸው ነበሩ። የፍየል ቆዳ ሞከሩ፣ የግመል ሞከሩ፣ አሮጌ ጫማ ሳይቀር ቆረጡ፤ በገናው አልነዝር አለ። «ሌላው ሁሉ ይቻላል፤ ጾም ሲገባ ግን እጄ ሥራ ፈታ» ይሉን ነበር። በመጨረሻም ፈጣሪ ከኔ መስማት አልፈለገም ብለው ተዉት፤ አገራቸው ገብተውም አልነኩት።

ያኔ ይህ ነገር ፈጽሞ አልዋጥልኝ አለ። ፈጣሪ በጠፍር ይቆጣል? ታላቅ እኅታቸው እታለም ደግሞ ወሬው እዚህ በደረሰ ቁጥር፣ እሳቱ ነደደም አልነደደም፣ መቆስቆስ ይጀምራሉ።

አንድ ምሽት አላስችል ብሎኝ «አባባ፣ ፈጣሪ የርስዎን በገና ለምን ጠላው?» አልኳቸው።

«ኃጢአቴን እሱ ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ። በኩራዙ ብርሃን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ።

እታለም መቆስቆሻውን ጣሉት። «ተው፣ ፈጣሪን አትማው። እኔ ነኝ።»

ተነሥተው ከመደቡ ጥግ ሙዳይ አመጡ። አሥሩ ጠፍሮች በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ እንዳይደርቁ በየዓመቱ ቅቤ ሲቀቧቸው ስለኖሩ እንደ አዲስ ለስልሰዋል። «ከረጢቱን ያሰርኩልህ እኔ አይደለሁ? በገናው እሺ ካለህ እዚያው ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ። ከመጣህ ወዲያ ደግሞ አፈርኩ።»

ጥያቄዬ ቤቱን ያፈረሰው መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። አያቴ ጠፍሮቹን አንድ ባንድ በጣታቸው እያሹ ብዙ ቆዩና፣ ሳቅና ለቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ «እሰይ! እንኳን አንቺ ሆንሽ፣ እታለም! እሱ መስሎኝ እኮ ነው!» አሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ በገናው ወረደ። እታለም ግን መግባት አፍረው ደጃፍ ቆሙ። አያቴ በገናውን ታቅፈው፣ አንድ አውታር ሳይነኩ፣ እታለም ገብተው አጠገባቸው እስኪቀመጡ ጠበቁ። የእነዚያ ምሽቶች ወሬ አብዛኛው ተረስቶኛል፤ አያቴ በሩን እያዩ ሲጠብቁ ግን እስከ ዛሬ ይታዩኛል።