ጎረቤቴ ያልጠራችው ስም

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ስትል የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በእኛው ሰፈር፣ እዚሁ ቃሊቲ ነው። ቤት ለቤት እየዞረች፣ ሰው ሲቸግረው ወደ ማን እንደሚሄድ፣ የሆዱን ለማን እንደሚያጫውት ትጠይቃለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ነገሩ ብዙም አልገባኝም፤ የማስበው ውሻ እንዳይነክሳት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ስትመለስ፣ ሰው ለካ የቅርቡን ይረሳል አለችኝ። አንዷ ሌላዋን ትጠራለች፣ ያቺኛዋ ግን አታነሳትም። እንዲህ ከሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ በምን ይታወቃል ብላ ተጨነቀች። ለምሳሌ ማን፣ አልኳት። ከአፏ አምልጧት የጎረቤቴን ስም ጠራች። እኔ ስጠየቅ መጀመሪያ የጠራሁት እሷን ነበር። እሷ ግን የሳሪስ ዘመዶቿን፣ የእድሯን ሴቶች፣ የሱቅ ደንበኞቿን ሳይቀር ስትቆጥር እኔን አላነሳችም።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት። ልጆቻችንን ተጋግዘን ነው ያሳደግነው። በዚያ ሰሞን የኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶላት ወደ ገላን ልትገባ እየተሰናዳች ነበር። ገና ሳትሄድ ረሳችኝ ብዬ ሆዴ ባባ። ምን አስቀይሜያት ይሆን እያልኩ የተናገርኩትን ሁሉ ስፈትሽ ሰነበትኩ። ሱቋም መሄድ ፈራሁና ስኳር ሲያልቅብኝ ራቅ ካለ ሱቅ ገዛሁ።

ስኳሩን አንጠልጥዬ ስመለስ አየችኝ። ወዲያው ተከትላኝ ገባች፤ እንደ ወትሮዋ በነጠላ ጫማ፣ እጇን ዱቄት እንደነካው።

"ደግሞ የማን ስኳር ነው ከኔ የጣፈጠሽ?"

ልጄ ደንግጣ ነገሩን አወጣችው። ጎረቤቴ አፏን ይዛ ሳቀች።

"ወደ ማን ይሄዳሉ አይደል ያልሽኝ? ልብስ ቀይሬ፣ ጫማ አድርጌ የምሄድባቸውን ነዋ የቆጠርኩልሽ። እዚህ መምጣት መሄድ ነው እንዴ?"

በይ አሁን ጨምሪያት አለቻት። ልጄ አይሆንም አለች፤ የተረሳው እንደተረሳ መጻፍ አለበት፣ ግን ሁሉንም ሰው በሌላ አጠያየቅ ደግማ ትጠይቃለች። ጎረቤቴ ይሄ አልተዋጠላትም። በወረቀት ባዳ ልታደርጊን ነው ብላ ተቆጣቻት።

"እንግዲያው ገላን ከገባሁ በኋላ መጥተሽ ጠይቂኝ" አለች፤ "ያኔ ቀድሜ የምጠራት እሷን ነው።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ያ ቀን ቢዘገይ በወደድኩ ነበር።