ባጃጃችንን ያወጡት ሁለት ገመዶች

የወንዱ የልጅ ልጄ ኒካህ የሚታሰር ዕለት ከወልድያ ተነሥቼ መርሳ ወረድኩ፤ ከዚያም ወደ ሙሽራዋ ቀዬ በባጃጅ። ጭኔ ላይ ድፎ ዳቦ ታቅፌያለሁ። እኔ መርቄ ሳልቆርሰው ምሳ እንዳይቀርብ አደራ ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዝናብ ያራሰው ጥርጊያ መንገድ ላይ ባጃጁ እስከ ሆዱ ሰመጠ።

አብራኝ ያለችው ሌላዋ የልጅ ልጄ፣ ተማሪዋ፣ ወረደች። እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ከነዳቦዬ ውስጥ ቀረሁ። ከፊት ለፊት እንዳይስቡት መሃል መንገዱ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሾፌሩ ሁለት ገመድ አሰረና አንዱን በስተቀኝ ሳሩ ላይ ለቆመ ወፍራም ሥጋ ሻጭ፣ ሌላውን በስተግራ ለቆመ ቀጭን ገበሬ ሰጠ። ሁለቱም «በኔ በኩል ነው የሚወጣ» ተባባሉ።

የልጅ ልጄ ጭቃው ላይ በእንጨት ሁለት ቀስት ሣለች፤ የቀስቱ ርዝመት የሳቢው ጉልበት ነው። በማንኛችሁም በኩል አይወጣም፣ በመካከላችሁ ነው፤ ግን ወደ በረታው ያጋድላል አለቻቸው። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ሁለት አማቶች ሲጎትቷት የኖረች ሴት ነኝና ገባኝ።

ሳቡ። ባጃጁ ወደ ሥጋ ሻጩ ተንሸራቶ አጋደለ፤ ዳቦዬ በበሩ ሊያመልጥ ሲል የተጠቀለለበትን ጨርቅ በጥርሴ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቀስት አጥራለች» አለችው ተማሪዋ ገበሬውን።

ሰውዬው ተቀየመ። ከኋላው ቆማ የምታይ ሚስቱ የተሸከመችውን ሣር አወረደችና ገመዱን አብራው ያዘች። እንደገና ሳቡ፤ አሁን ደግሞ ባጃጁ ወደ ባልና ሚስቱ ዞሮ ማሳቸው ሊገባ ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ ባሏን ገላመጠችው።

«አንተ ልቀቅ።»

«እኔስ ምን ልሥራ?»

«የእማማን ዳቦ ያዝላቸው።»

ታቀፈው። እሷና ሥጋ ሻጩ ሲስቡ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሾፌሩ ዳግመኛ እንዳይሰምጥ ፈርቶ ሳይቆም የልጅ ልጄን እየሄደ አሳፈራትና ነዳው። ጥቂት እንደሄድን ጭኔ ቀለለኝ። ዞር ስል ገበሬው ዳቦዬን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላችን ይሮጣል። ሾፌሩን ቁም ብለው፣ «ከቆምኩ አለቀልን» ይለኛል።

ሠርጉ ቤት እኛ ወርደን ሰላምታ ሳንጨርስ ሰውዬው ደረሰ። ኒካሁ ታሰረ፤ ዳቦውን መረቅኩና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሱ ሰጠሁት። በልቶ ሲያበቃ ተማሪዋን ቀስቱን እንደገና እንድትሥልለት ለመናት። ደጅ ወጥታ አርዝማ ሣለችለት።